አሮጌ አጭር ሞገድ ሬድዮ ገዛሁ፤ መጀመሪያ ምኑን ላድስ?

ሽቦ_ቀጣይ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የጄኔራል ፈተናዬን አልፌያለሁ። ለማታውቁት፣ አሜሪካ ውስጥ የአማተር ሬድዮ መግቢያው የቴክኒሽያን ፈተና ነው። 35 ጥያቄ አለው፣ 26 ከመለስክ አለፍክ። የጄኔራሉም ቁጥር እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ጄኔራል ካለህ አጭር ሞገድ ላይ ሰፊ ቦታ ይከፈትልሃል።

ፈቃዱ እንደደረሰኝ አማተሮች አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ገበያ ሄጄ በ1980ዎቹ የተሰራ ጃፓን ሰራሽ ባለ 100 ዋት ሬድዮ ገዛሁ። ዋጋው ደህና ነበር። ሻጩም ችግር እንዳለው አልደበቀኝም።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ሲበራ አንዳንዴ የፍሪኩዌንሲው ቁጥር ይጠፋና ነጥብ ብቻ ይደረደራል። ያኔ አይሰማም፣ አያስተላልፍም። ትንሽ ሲሞቅ ወይ ጎኑን መታ መታ ሳደርገው ይመለሳል። የድምፁ መቆጣጠሪያ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ማይኩን ጫን አድርጌ ስናገር የፊቱ መብራት ደብዘዝ ይላል፣ ዋት ሜትሩም ከ60 አያልፍም። ከሁሉም በላይ ያማረረኝ ግን ጫጫታው ነው። 40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ላይ ማንም ሳያወራ ኤስ ሜትሩ፣ የሚገባውን ሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየው መለኪያ፣ 7 ላይ ተገትሮ ይውላል።

አንቴናዬ ከመኝታ ቤት መስኮት ወጥቶ ጓሮ ያለ ዛፍ ላይ የታሰረ ሽቦ ነው። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር ጎልቶ የሚታይ አንቴና አይፈቅድም። ስለዚህ ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየር ገዝቼ ጫጫታውን በጉልበት ልሻገረው እያልኩ ነው። ገንዘቡ ተዘጋጅቷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አሮጌው_ቴክኒሽያን (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አምፕሊፋየሩን ለጊዜው ተወው። የነገርከን ችግር ሁሉ ከሬድዮው ጉልበት ማነስ የመጣ አይደለም። አንድ በአንድ እንየው።

ነጥቡ የሚደረደረው ሬድዮው ፍሪኩዌንሲውን መቆለፍ ሲያቅተው ነው። ውስጡ ፒኤልኤል የሚባል ሰርኪውት አለ። ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨውን ክፍል፣ ኦሲሌተሩን፣ ከክሪስታሉ ጋር እያነጻጸረ ልኩን ያስይዘዋል። ማስያዝ ካልቻለ ቁጥሩን አጥፍቶ ነጥብ ያሳይሃል፣ ማስተላለፉንም ይዘጋዋል። ይሄ በደንብ የታሰበበት ነገር ነው፤ የት እንዳለ የማያውቅ ሬድዮ ሰው ላይ እንዳይጮህ ነው።

በዚያ ዘመን ፋብሪካዎቹ የኦሲሌተሩ ኮይሎች እንዳይንቀጠቀጡ በማጣበቂያ ይደፍኗቸው ነበር። አዲስ ሲሆን ፈዛዛ ቢጫ ነው። በሙቀትና በዕድሜ ቡናማ ይሆናል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የኮንደንሰሮቹንም እግር ይበላል። እጄ ላይ ያለፉ ብዙ የዚያ ዘመን ሬድዮዎች በሽታቸው ይሄው ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሶኬቱን ንቀል። ክዳኑን ከፍተህ ምንም ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ኦሲሌተሩ በትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የሳጥኑን ክዳን አንሳና ማጣበቂያውን እየው። ቡናማ ከሆነ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልክ ፈልፍለው፤ ብረት አትጠቀም። ጠንክሮ እምቢ ካለ የካውያውን ሙቀት ቀነስ አድርገህ ጠጋ ብታደርገው ይለሰልሳል። የቀረውን በንጹህ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ጥረገው። የኮይሉን መሃል፣ ያቺን የምትዞር ፌራይት (እንደ ድንጋይ ያለች ጥቁር የማግኔት ቁስ)፣ እንዳትነካት። እሷ ከዞረች ሬድዮው ልኩን ይስታል፣ መልሶ ማስተካከሉ ደግሞ መሣሪያ ይፈልጋል።

መታ ሲደረግ መመለሱ ሌላም ነገር ይናገራል። የተሰነጠቀ ሊድ፣ ማለትም የዕቃው እግር ቦርዱ ላይ የተበየደበት፣ ሊኖር ይችላል። በማጉያ መነጽር የቦርዱን ጀርባ እየው። በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት ካየህ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ፍላክስ (ሊድ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባና ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምረህ አቅልጠው።

ለሚንኮሻኮሸው መቆጣጠሪያ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ግዛ። ለዝገትና ለማጠፊያ የሚሸጠውን ዘይት ግን እንዳትነፋበት፤ አቧራ ሰብስቦ ይብስበታል።

60 ዋቱን ለነገ አቆየዋለሁ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ።

ዲሲቤል (ስቶክሆልም)

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ጫጫታው ልጨምር፤ እዚህ ላይ ገንዘብህን ላድንልህ።

ከ100 ዋት ወደ 500 ዋት ስትወጣ የምታገኘው 7 ዲሲቤል (የጉልበት ልዩነት መለኪያ) ነው። ኤስ ሜትር ላይ አንዱ ደረጃ በደንቡ 6 ዲሲቤል ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚሰጥህ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሜትር ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ የመስማት ችግርህ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ሰው ይሰማሃል፣ አንተ ማንንም አትሰማም።

ጫጫታህን ከኤስ 7 ወደ ኤስ 3 ብታወርደው ግን 24 ዲሲቤል አተረፍክ። ይህን የሚሰጥህ አምፕሊፋየር የለም።

ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሬድዮውን በባትሪ አስነሳው። ለመስማት ብቻ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይበቃል። ከዚያ የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፋ። ሜትሩን እያየህ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ መልሳቸው። የትኛው ሲበራ እንደሚዘል ታያለህ። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ንቀል። ብዙ ጊዜ ሌባው ርካሽ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የመብራት ዲመር ነው። ብሬከሩ ሁሉ ጠፍቶ ጫጫታው ካልቀነሰ ግን ምንጩ ጎረቤት ነው። እሱ ሌላ ሥራ ነው።

የዱባይ_ሞገድ

እኔ በከፊል አልስማማም። አንተ ጸጥ ያለ ቦታ ብትሆንም የምታናግረው ሰው ከተማ መሃል ጫጫታ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚያሻግርህ ዋት ነው። አንድ ደረጃም ቢሆን መሰማትና አለመሰማት መካከል ያለው ልዩነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አምፕሊፋየር ዋጋ የለውም መባሉ ልክ አይደለም።

ደግሞ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ካስፈለገህ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከፍተህ ሬድዮው ወደሚፈልገው 13.8 ቮልት መቀየር ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ዲሲቤል (ስቶክሆልም)

የመጀመሪያው ነጥብህ ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። በዚያ ላይ አንቴናው ከመኝታ ቤት መስኮት ነው የሚነሳው። 500 ዋት እዚያ አጠገብ ስትለቅ የቤተሰብህ ለጨረራ መጋለጥ በስሌት መታየት አለበት፤ የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲም ይህንን ከአማተሮች ይጠይቃል። የጎረቤት ስፒከርና ኢንተርኮም ውስጥ ድምፅህ መግባቱን ደግሞ አትርሳ።

አሮጌው_ቴክኒሽያን (አዲስ አበባ)

ተመለስኩ። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም። የ220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲቀየር ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ላይ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይጠራቀማል። ሶኬቱ ተነቅሎም እዚያው ሊቆይ ይችላል። ከእጅ ወደ እጅ በደረት ካለፈ ይገድላል። የማያውቀው ሰው እንዳይከፍተው። የሚያውቀውም ቢሆን ኮንደንሰሩን በሬዚስተር አራግፎ፣ በሜትር ዜሮ መሆኑን አይቶ፣ ከዚያ ነው እጁን የሚያስገባው። በስክሪውድራይቨር ሾርት አድርጎ ማራገፍ የሚባለውን ነገር ተዉት። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር አውጥተው አምፕሊፋየር ሊሰሩበት የሚያስቡ ልጆችም ይጽፉልኛል። በእግዚአብሔር ስም፣ እሱን አትንኩት።

አሁን ወደ 60 ዋቱ። ባለ 100 ዋት ሬድዮ ሲያስተላልፍ 20 አምፒር ገደማ ይስባል። ሜትርህን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ሬድዮው ጀርባ፣ ገመዱ የሚገባበት ላይ አድርገህ፣ እያስተላለፍክ ለካው። ፓወር ሰፕላዩ 13.8 እያሳየህ ሬድዮው ጋ የሚደርሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። እኛ ቤት ለመብራት የምንዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሦስት ሜትር ርቀት ቢሄድ፣ ሄዶ መመለሻው 6 ሜትር ነው። 20 አምፒር ሲያልፍበት 1.4 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይበላል። ባለ 6 ካሬ ብታደርገው ጥፋቱ 0.35 ቮልት አካባቢ ይሆናል። በዚህ ላይ የዛገ የፊውዝ ቤት ሲጨመር መብራትህ ለምን እንደሚደበዝዝ ይገባሃል። ገመዱን አሳጥረው፣ አወፍረው፣ የፊውዝ ቤቱን ቀይረው።

ካውያ_በእጄ (ሃይፋ)

ጋሼ፣ ኤሌክትሮላይቲክ ኮንደንሰሮቹስ? 40 ዓመት የሆነው ሬድዮ ከሆነ ሁሉንም ገልብጦ በአዲስ መተካት ይሻላል የሚሉ አሉ።

አሮጌው_ቴክኒሽያን (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እኔ አልደግፈውም። ያበጠ፣ ያፈሰሰ፣ ወይም በኢኤስአር ሜትር (የኮንደንሰርን ድክመት በሚያሳይ መለኪያ) ተለክቶ የወደቀ ይቀየር። ሁሉን ባንዴ ስትቀይሪ የቦርዱ ቀጭን የመዳብ መስመር ይላጣል፣ የአንዱ ፕላስና ማይነስ ይገለበጣል፣ ከዚያ አሮጌው ችግር ይሁን አዲሱ ማወቅ አይቻልም። አንድ ነገር ቀይሮ መሞከር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

አጭር_ሞገድ_አዳማ

ሰላም። እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ፈቃድ የለኝም። አዳማ ሆኜ አጭር ሞገድ አዳምጣለሁ። ኤስአይ4732 በምትባለው ቺፕ የተሰራች ትንሽ መቀበያ አለችኝ፣ ነጠላ ጎን ባንድ (አማተሮች በድምፅ የሚነጋገሩበትን ስልት) ሳይቀር ታሰማለች። አንቴና መስራት ፈልጌ ነበር፣ ግን ባለ 50 ኦም ኬብል ማግኘት ከበደኝ። የዲሽ ኬብል ነው ሞልቶ ያለው። ይሆናል? ደግሞ ማስተላለፍ ብፈልግ የት ነው የምሄደው?

ዲሲቤል (ስቶክሆልም)

የዲሽ ኬብል ይሆናል፣ ያውም በደንብ። 75 ኦም ነው። ዳይፖል፣ መሃሉ ላይ ከኬብሉ ጋር የሚገናኝ ባለ ሁለት ክንድ ሽቦ አንቴና፣ ነጻ ቦታ ላይ ሲሰቀል ራሱ 73 ኦም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ይስማማሉ። ኬብሉን ባለ 50 ኦም ሬድዮ ላይ ብትሰካው እንኳ ኤስደብሊውአሩ (ሁለቱ ምን ያህል እንደማይጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር) 1.5 አካባቢ ነው፣ የትኛውም ሬድዮ ይችለዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ ውጭ ያለው መረብ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ሊድ አይዝም። ታግለህ ጊዜህን አታባክን። የዲሽ ኮኔክተሩን ራሱን ግጠምና በብሎን ወይም በአዳፕተር አገናኘው።

ቀጭኑ ባለ 50 ኦም ኬብል፣ አርጂ-58፣ ከተገኘም ለአጭር ሞገድ ምንም አይልም። 20 ሜትር ርዝመት 14 ሜጋኸርዝ ላይ 1 ዲሲቤል ገደማ ነው የሚበላው። 145 ሜጋኸርዝ ላይ ግን ያው 20 ሜትር ከጉልበትህ ከግማሽ በላይ ይውጣል።

የዳይፖሉ ርዝመት 142.5ን ለሜጋኸርዙ አካፍለህ ነው። ለ14.2 ሲሆን 10 ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር። ሁልጊዜ አስረዝመህ ቁረጥ። ከዚያ ለካው። ለምሳሌ 10.3 ሜትር ቆርጠህ 13.8 ላይ ካስተጋባ፣ 10.3ን በ13.8 አባዝተህ ለ14.2 አካፍለው። 10 ሜትር ይመጣልሃል። ከሁለቱም ጫፍ እኩል ቁረጥ። ለመለካት ናኖቪኤንኤ የምትባለውን ትንሽ የአንቴና መለኪያ ከጓደኛ ጋር አዋጥታችሁ ግዙ። ከመለካትህ በፊት በክፍት፣ በሾርትና በ50 ኦም ካሊብሬት ማድረግ አለብህ።

አሮጌው_ቴክኒሽያን (አዲስ አበባ)

ለአዳማው ልጅ። ለመስቀያ ሁለት ረዘም ያለ አጣና ይበቃሃል። ሽቦው የቆርቆሮ ጣሪያውን እንዳይጠጋ ከፍ አድርገው። ማስተላለፍን በተመለከተ፣ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ዋትም ቢሆን እንዳትለቅ። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማህበር ጣቢያ አለ፣ መለያው ኢቲ3ኤኤ ነው። አዲስ አበባ ስትመጣ ጠይቅ። ከውጭ ሬድዮ በሻንጣ ይዛችሁ የምትመጡም አስቀድማችሁ ወረቀቱን ጨርሱ።

ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ሳይከብድ ኬብሉን ከሬድዮው ንቀለውና ጫፉን ከቤት ውጭ አድርገው። መብረቅ ቤት አጠገብ ወድቆ የመቀበያውን መግቢያ ያቃጠለባቸው ሬድዮዎች በየክረምቱ ይመጡልኛል።

ካውያ_በእጄ (ሃይፋ)

ለአዳማው ወንድሜ አንድ ሐሳብ። ፈቃዱ እስኪመጣ እጅህን በኪት፣ ራስህ በምትገጣጥመው ዕቃ፣ አሟሸው። እኔ ኪውሲኤክስ የምትባለውን ባለ 5 ዋት የሞርስ ኪት ነው የሰራሁት። የምወድላት ነገር መለኪያዋ አብሯት መሆኑ ነው። ሲግናሉን ራሷ አመንጭታ ራሷን ታስተካክላለች፣ ኦሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። የምታስተላልፈው ደግሞ ቢኤስ170 በሚባሉ ሦስት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ነው።

ሰው ሁሉ የሚወድቅባት ቦታ አንዲት ነች፤ ቲ1 የምትባለው ባለ አራት ጥቅልል ቀለበት። ቀጭኑ የመዳብ ሽቦ በቫርኒሽ የተለበጠ ነው። ከላይ ሊድ የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልተነካካም። የካውያው ጫፍ ላይ ትልቅ የሊድ ጠብታ አድርገሽ ሽቦውን ውስጡ ያዥው፤ ጭስ ይላል፣ ቫርኒሹ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሊዱ ሽቦው ላይ ብር መስሎ ሲሮጥ ታያለሽ። ያ ሲሆን ብቻ ነው የሚቆመው። ቦርዱ ላይ ካስገባህ በኋላ እያንዳንዱን ጥቅልል በመልቲሜትር ቲት እስኪል ፈትሽ። (ለሁላችሁም ነው የምጽፈው፣ አንተና አንቺው ተደባለቀብኝ።)

ዕቃ አይገኝም ብሎ የሚተው ሰው ካለ ደግሞ የሃይደራባዱን አሽሃር ፋርሃንን ያስታውስ። ቢቲኤክስ የምትባለውን ሬድዮ ሲነድፍ የሰፈር ሱቅ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንድትሰራ ነበር ያሰበው። ኮይሉን የጠቀለለው የቧንቧ ጎሚኒ ላይ ነው። በዚያች ሬድዮ ዓለም ላይ ስንቱ ሰው አየር ላይ ወጣ! መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለውን የተፈታታ ዕቃ ሳስብ እዚያ ስንት ሬድዮ ተበትኖ ተቀምጧል እላለሁ።

ሽቦ_ቀጣይ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉትን በቅደም ተከተል ሰራሁት፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሳጥኑን ስከፍት ማጣበቂያው የተቃጠለ ስኳር መስሏል። በስንጥር ፈልፍዬ በአልኮል ጠረግኩት። ከሥሩ የአንዷ ኮንደንሰር እግር አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ ነበር፣ በተመሳሳይ ልክ ቀየርኳት። ነጥቡ ከዚያ ወዲህ አልታየም፣ ጎኑን ብመታውም።

ቮልቴጁ ፓወር ሰፕላዩ ላይ 13.8፣ ሬድዮው ጀርባ ግን ሳስተላልፍ 11.6 ነበር። ሁለት ቮልት ከምናምን መንገድ ላይ ቀርቷል። ሽቦውን አወፍሬ፣ የፊውዝ ቤቱን ቀይሬ፣ አሁን 13.3 ይደርሳል። ዋት ሜትሩ 100 ነካ። መብራቱም አይደበዝዝም።

ጫጫታው ደግሞ፣ ዲሲቤል፣ ልክ እንዳልከው ነው። ዋናውን ብሬከር ሳጠፋ ኤስ ሜትሩ ከ7 ወደ 2 ወረደ። ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። ዋናው ሌባ የምድር ቤቱ የመብራት ዲመር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቻርጀር ነው። ዲመሩን በተራ ማብሪያ ቀየርኩት። ቻርጀሩን መጣል ስለማልችል ሬድዮ ስከፍት እነቅለዋለሁ። አሁን ማታ 40 ሜትር ላይ ከዚያ በፊት መኖራቸውን የማላውቃቸውን ጣቢያዎች እየሰማሁ ነው።

የአምፕሊፋየሩ ገንዘብ አልተነካም። የቀረኝ አንቴናው ነው። መስኮቱ ጋ የሚጀምር፣ 20 ሜትር ርዝመት ያለው በጫፉ የሚመገብ ግማሽ ሞገድ ሽቦ ልሰራ ነው። 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ላይ ይሰራል አሉ። ትራንስፎርመሩን እንዴት ልጠቅልለው?

ዲሲቤል (ስቶክሆልም)

ደስ ይላል! የሚያስፈልግህ ባለ 49 ለ1 ትራንስፎርመር ነው። ኤፍቲ240-43 የሚባለውን ቀለበት ውሰድ። በሬድዮው በኩል 2 ዙር፣ በአንቴናው በኩል 14 ዙር። 7 ለ1 ነው፣ ኢምፒዳንሱ (በኦም የሚለካው) ደግሞ በስኩዌሩ ስለሚሄድ 49። በሬድዮው በኩል ባለ 100 ፒኮፋራድ ኮንደንሰር ጎን ለጎን አስገባ፤ 15ና 10 ሜትር ባንድ ላይ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። 100 ዋት ስትለቅ በሽቦው ጫፍ ከፍተኛው ቮልቴጅ 700 ቮልት ገደማ ይደርሳል። መስኮቱ ጋ ያለው ጫፍ የልጅ እጅ የማይደርስበት ይሁን፣ ሳጥኑንም ከመስኮት ፍሬሙ አርቀው። ከትራንስፎርመሩ ሁለት ሜትር ያህል ወረድ ብለህ ኬብሉን ባለ 31 ሚክስ ፌራይት ቀለበት ላይ አስር ዙር ያህል ጠቅልለው። ያ ካልሆነ የኬብሉ ውጪ አንቴና ሆኖ የቤቱን ጫጫታ መልሶ ያስገባልሃል፣ ስትናገርም ማይኩ ከንፈርህን ይነዝርሃል።

ቀጭን ጥቁር ሽቦ ከተጠቀምክ ከመንገድ አይታይም። ማህበሩ ያስቀመጠውን ደንብ ግን አንብበው፣ ዛፍ ላይ ያለ ሽቦ ብዙ ጊዜ ተነጋግሮ የሚፈቀድ ነው።

የዱባይ_ሞገድ

እኔም ይሄን አንቴና ነው የምጠቀመው። ወደ አዲስ አበባ ማናገር ከፈለግክ 15 ሜትርን ሞክር።

አሮጌው_ቴክኒሽያን (አዲስ አበባ)

ትክክል ነው። በበጋ ሰዓታችሁ ከጠዋቱ 9 እስከ ቀኑ 1 አካባቢ ስማ። በእኛ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። 15 ከተዘጋ ወደ 20 ውረድ። ኢቲ3ኤኤ አየር ላይ ከሆነ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ታገስ። የሚጠራበትን ፍሪኩዌንሲ ሳይሆን የሚያዳምጥበትን ለይተህ እወቅ።

ሽቦ_ቀጣይ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ገባኝ ጋሼ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ያቺ 100 ፒኮፋራድ ኮንደንሰር ቮልቴጇ ስንት ይሁን? ቤት ያለኝ ባለ 50 ቮልት ሴራሚክ ነው።

ካውያ_በእጄ (ሃይፋ)

50ው አይሆንም ወንድሜ። ሁሉ ነገር ተስማምቶ እንኳ 100 ዋት በ50 ኦም ላይ ከፍተኛው ቮልቴጅ 100 ቮልት ነው። አንቴናው ሲዛባ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። ባለ 1 ኪሎቮልት ወይ ከዚያ በላይ ግዛ፣ ኤንፒ0 የሚባለው ዓይነት ቢሆን ልኩ በሙቀት አይንሸራተትም። ባለ 100 ካላገኘህ ሁለት ባለ 200 በተከታታይ አድርገህ አስገባ፣ ልኩ ያው 100 ይሆናል፣ ቮልቴጁንም ይካፈሉታል። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ በ30 ዋት አስተላልፍና አጥፍተህ በጣትህ ንካው። ከሞቀ ቀይረው።